የሐዋሳ ውሻ ምን ይብላ? ፍርፋሪ፣ የቤት ድስት እና የከረጢት ምግብ ሲነጻጸሩ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ውሻ አለው። ውሻው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጎድኑ የሚቆጠር የማታ ጠባቂ፣ ወይ ከበረንዳ እስከ በር ደርሶ የሚያለከልክ የቤት ልጅ። የሁለቱም ባለቤቶች ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ላብላው?» እዚህ ከተማ በተግባር ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ከማዕድ የተረፈው፣ ለእሱ ተብሎ የሚቀቀለው እና በከረጢት የሚገዛው ደረቅ ምግብ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው የሐዋሳ ጎልማሳ ውሻ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ያውም ከዓሣ ጋር፣ በጣሳ ተለክቶ። ለቡችላ ግን አይደለም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ቀድሞ እጃችሁን ጎኑ ላይ አሳርፉ

ዓይን ያታልላል፣ በተለይ ውሻው ጠጉራም ከሆነ። ሁለት እጃችሁን በግራና በቀኝ ጎድኑ ላይ አሳርፉና ሳትጫኑ ወደ ኋላ ዳብሱት። ከዚያ አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ በሌላኛው ጣት የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱ። ከቆዳው ሥር ያሉት አጥንቶች በቀላሉ ይሰማሉ፣ ግን አልገጠጡም። የጤናማ ውሻ ጎድን ለእጅ የሚሰማው እንደዚያ ነው። እጃችሁን ስትጨብጡ ብቅ እንደሚሉት መጋጠሚያዎች የቆረቆራችሁ እንደሆነ ውሻው ከስቷል። ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለጋችሁ ደግሞ ወፍሯል። ቀጥሎ ቆሞ ሳለ ከላይ እዩት፤ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ከጎን ሲታይ ሆዱ ከደረቱ ወደ ኋላ እግሩ እየሰበሰበ ይሄዳል። የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ ዳበሳ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ያስቀምጡታል፤ ተስማሚው 4 እና 5 ነው፣ ከ5 በላይ እየወፈረ፣ ከ4 በታች እየከሳ ይሄዳል።

ኪሎውንም እወቁ። ትንሽ ውሻ ከሆነ ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። ሚዛን ከሌላችሁ መንገድ ዳር ክብደት የሚመዝኑት ልጆች አሉ፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይመዝናሉ። ለትልቅ ውሻ ክሊኒክ ይሻላል።

የወፈረ ውሻ በደንብ የተያዘ ውሻ ይመስለናል። በ2002 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች የወጣ አንድ ጥናት ይህን ሐሳብ በደንብ ይፈትነዋል። 48 ላብራዶሮች ገና ከቡችላነታቸው ጥንድ ጥንድ ተደርገው፣ ከየጥንዱ አንደኛው የጓደኛውን ምግብ 25 በመቶ ተቀንሶለት እንዲበላ ተደረገ፤ ክትትሉም ዕድሜ ልክ ቀጠለ። ቀጠን ብለው የኖሩት መካከለኛ የሕይወት ዘመናቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። የመገጣጠሚያ በሽታም ዘግይቶ ነው የያዛቸው።

ስንት ያስፈልገዋል?

ስሌት የማይወድ ይህን አንቀጽ ይዝለለው፤ ግን ሦስቱን አማራጮች በእኩል ዓይን ለማየት ያለ ቁጥር አይሆንም። ውሻ ተኝቶ እንኳ የሚያቃጥለው ኃይል 10 ኪሎ ለሚመዝነው ወደ 390፣ 20 ኪሎ ለሚመዝነው 660፣ 30 ኪሎ ለሚመዝነው 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ በቀን ነው። ለተኮላሸ ጎልማሳ ውሻ ይህን በ1.6፣ ላልተኮላሸ በ1.8 ማባዛት የተለመደ መነሻ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ የሆነ የተኮላሸ ውሻ በቀን 1,060 አካባቢ ይበቃዋል። ለማክሳት ግን ማባዛቱ ይቀርና መድረስ ባለበት ኪሎ ተኝቶ የሚያቃጥለው ቁጥር ብቻ ይወሰዳል፤ 25 ኪሎ ሆኖ 20 መሆን ላለበት 660 ማለት ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ከተባለውም ያነሰ ሊያስፈልገው ይችላል። ከተኮላሸ በኋላ የሚያስፈልገው ምግብ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ ሳህኑ ግን እንደድሮው ይቀጥላል። ብዙ ውሻ መወፈር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ፍርፋሪ

ነፃ ነው፣ አይባክንም፣ ውሻውም ይወደዋል። ከዚህ ውጪ የሚባልለት ብዙ የለም።

እንጀራው ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ በእጅጉ እንደጨመረ በ2013 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች በወጣ የዘረመል ጥናት ታይቷል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ የተቀቀለ ድንች ይፈጨዋል። ችግሩ እንጀራው የተነከረበት ወጥ ነው። ቁሌት ማለት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ ወይም ተፈጭቶ ዱቄት የሆነ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። አንድ ቀን ሁለት ጉርሻ ቀምሶ የሚወድቅ ላይኖር ይችላል፤ በየቀኑ የወጥ ድስት የሚልስ ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨውና ዘይቱን ጨምሩበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ክብደት ለሚቀንሰው የ20 ኪሎ ውሻ የቀን ድርሻው አንድ አምስተኛ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ሁለተኛው ችግር የቀን መቁጠሪያው ነው። በሚጾም ቤት ውስጥ ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ሳህኑ ላይ የሚወርደው ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። ውሻ አይጾምም፤ ግን ይጾማል። ከዚያ ፋሲካ ይደርስና በአንድ ቀን የበግ ሞራ፣ ቆዳ፣ የዶሮ አጥንት፣ ጮማ ይጫንበታል። በድንገት የመጣ ብዙ ስብ የውሻን ቆሽት ሊያስቆጣ ይችላል፤ የሚያስመልስ፣ ሆዱን ይዞ የሚንቀጠቀጥ፣ ምግብ የሚጠላ ውሻ ካያችሁ ለሐኪም ነው እንጂ ለትዝብት አይደለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ እሱን በፍጹም።

ቆጮ በሚበላበት ቤትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። በእሱ ብቻ የሚያድር ውሻ ሆዱ ይሞላል፣ ጀርባና ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ ግን ይሟሽሻል። እንዲህ ያለውን ውሻ ከሩቅ ስታዩት ደልቧል ትላላችሁ፤ ዳብሳችሁት ስታዩ አከርካሪው ይቆረቁራችኋል።

ስለዚህ ፍርፋሪ የምግቡ መሠረት አይሁን። ወጥ ያልነካው እንጀራ ወይም ዳቦ ካለ ወደ ውሻው ድስት ይግባ፤ ግን የሩዙን ወይም የበቆሎውን ቦታ ተክቶ፣ በላዩ ላይ ተጨምሮ አይደለም።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ለእሱ የሚቀቀል

እዚህ ላይ ሐዋሳ ከብዙ ከተማ ትበልጣለች፤ ምክንያቱ ሐይቁ ነው። ጠዋት የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ጀልባው ሲደርስ ልጆቹ ቆሮሶውን (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) በቢላ በሁለት ምት ፊሌቶ ያወጡትና ራሱና አከርካሪው ሥጋ እንደያዘ ይቀራል። ትልልቆቹ አሞራዎች የሚጠብቁት እሱን ነው። ያ ቅሪት ለውሻ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ዋጋውም ከፊሌቶው ጋር አይወዳደርም። አንጀቱን ግን ተዉት።

አሠራሩ ቀላል ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ራሱንና አከርካሪውን አጥባችሁ ውሃ እስኪሸፍነው አድርጉና ያለ ጨው ቀቅሉት። ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር አውጡትና ይቀዝቅዝ። አሁን በጣት ነው ሥራው፤ በተለይ ከአንገቱ ሥር ያለው ወፍራም ሥጋና ጉንጩ ላይ ያለው ክብ ቁራጭ ሳይጎዱ ይወጣሉ፣ ከጎድኑ ያለው ግን መርፌ መሳይ አጥንት ስላለው በጣት እየተዳበሰ ይለቀማል። አጥንቱ ይጣላል። መረቁን አጥልሉና ሩዙን ወይም የበቆሎ ዱቄቱን በእሱ አብስሉት፤ ሽታው ብቻውን እምቢተኛ ውሻ ያስበላል። እኛ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ስለምንወድ ለውሻውም ጥሬውን መስጠት የሚቃጣው አለ፤ ጥሬ የንጹሕ ውሃ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ይቀቀል።

የዓሣው ትልቁ ጥቅም የሚታየው ለማክሳት ሲፈለግ ነው። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከ3 ግራም ያነሰ ስብ እና ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ አለው። ውሻው ጠግቦ፣ ጡንቻው ሳይነካ፣ ስቡ ይቀንሳል።

በ20 ኪሎ ውሻ እናስላው። ክብደቱን ጠብቆ እንዲቆይ፦ አጥንቱ የወጣለት የበሰለ ዓሣ 300 ግራም፣ ሳይበስል የተመዘነ ሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት 120 ግራም፣ የተቀቀለ ዱባ 200 ግራም እና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ይህ 1,000 አካባቢ ይመጣል። ለመቀነስ፦ ዓሣው እዚያው 300 ይሁን፤ ሩዙ 50 ግራም፣ ዘይቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሁን፣ ዱባው ወደ 300 ይውጣ። ወደ 680 ወረዳችሁ። የተቀነሰው ምን እንደሆነ አስተውሉ። ብዙ ሰው ውሻ ለማክሳት ሥጋውን ይቀንስና እንጀራውን ይተዋል፤ ተገላቢጦሽ ነው። ዱባ ባይኖር ካሮት፣ ፎሶሊያ ወይም ጎመን ይሆናል፤ ሳህኑን ይሞላሉ፣ ካሎሪያቸው ኢምንት ነው።

የቤት ድስት እውነተኛ ድክመቱ ማዕድን ነው። አጥንት የሌለው ሥጋና ሩዝ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፍጩት፤ ከላይ ላለው የቀን ድርሻ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኢ ደግሞ በዚህም አይሟሉም። ይህን ምግብ ለወራት የምትቀጥሉበት ከሆነ ሐኪሙን ማሟያ ጠይቁት። የተቀቀለ ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ቁራጭ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ግን ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል።

ከዓሣው ይልቅ ሥጋ ቤት የሚቀርባችሁ ሳንባ ትገዙ ይሆናል። ስቡ ትንሽ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለማክሳትም ይሆናል። ግን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ እላለሁ፤ ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ለውሻ መወርወር ይቅር። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የምታዩት የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጃችሁ አሻሽቶት እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት እያደገ ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ እባጭ ይሆናል። ውሻው ራሱ ምንም ላይመስል ይችላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እስኪንተከተክ ይቀቀል፤ እባጭ ያለበት ቁራጭ ደግሞ ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። የትል መድኃኒቱንም በየስንት ጊዜው እንደሆነ ሐኪሙ ይንገራችሁ።

አጥንት ምግብ አይደለም። ቅልጥም ውስጡ ስብ ነው፣ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ብዙ የበላ ውሻ ሆዱ ይደርቃል። ለዘበኛ ውሻ «አጥንት ሰጥተነዋል» ማለት ራት በልቷል ማለት አይደለም።

ሐዋሳ ቀኑ ሞቃት ስለሆነ የተረፈው ሳህን ላይ አይዋል፤ ይኮመጥጣል። ፍሪጅ ካለ ሦስት ቀን ይቆያል፣ መብራት ካልሄደ። በጾም ወቅት ዓሣ ወይም ሥጋ ወጥ ቤት እንዲገባ የማይፈልጉ እናት ካሉ የውሻው ድስት ለብቻው ተደርጎ ግቢው ጥግ ከሰል ላይ ይቀቀል፤ ማንንም አያስቀይምም።

ሦስተኛው አማራጭ፦ የከረጢት ምግብ

ጥሩ ከረጢት ሁሉን ያሟላ ነው፤ ቫይታሚኑም ማዕድኑም ተለክቶ ገብቷል። ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ዋጋውን ከድስቱ ጋር ስታወዳድሩ በከረጢት ሳይሆን በቀን አስሉት። ደረቅ ምግብ በኪሎ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ቢኖረው፣ 20 ኪሎ የሆነው ውሻ በቀን 300 ግራም ይበቃዋል፤ 15 ኪሎው ከረጢት 50 ቀን ይሄዳል። ዋጋውን ለ50 አካፍሉና ከዓሣው፣ ከሩዙና ከከሰሉ ወጪ ጋር አስተያዩት። የናንተን ጊዜም አትርሱ፤ አጥንት መልቀም ሰዓት ይበላል።

ከረጢቱ ላይ የምትፈልጉት ሥዕሉን ሳይሆን በኪሎ ስንት ካሎሪ እንዳለውና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ የሚናገረውን ጽሑፍ ነው። የቡችላ ምግብ ለጎልማሳ ማወፈሪያ ነው። ተከፍቶ በላስቲክ በኪሎ የሚሸጠውን አልመክርም፤ ጽሑፉ የለም፣ ጊዜውም አይታወቅም፣ ስቡም በሙቀት ይበላሻል። ጀርባው ላይ ያለው የመጠን ሠንጠረዥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጋስ ነው፤ መድረስ ባለበት ኪሎ ጀምሩና ዳብሳችሁ አስተካክሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከረጢቱም ፍርፋሪውም አብረው ሲሄዱ ነው። ጠዋት 300 ግራም ደረቅ ምግብ የበላ ውሻ ማታ እንጀራ ከተጨመረለት ውድ ምግብ ተገዝቶለት ይወፍራል።

ማን ያብላው?

ምርጫው የትኛውም ቢሆን የሚያበላሸው ይህ ነው። ጠዋት ሠራተኛዋ ትሰጠዋለች፣ ማታ ዘበኛው ከራሱ ይቆርስለታል፣ ልጆቹ ብስኩት ይወረውራሉ፣ እማማ ደግሞ «ዓይኑን እዩት፣ ርቦታል» ብለው አንድ ጉርሻ ይጨምራሉ። ማንም አላጠፋም፤ ውሻው ግን አራት ጊዜ በልቷል። አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥባችሁ ድርሻው የሚደርስበት ላይ በምስማር ጫሩበት፤ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ሰው እጅ። ከዚያ ውጪ የሚሰጠው ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ። ክብደት ለሚቀንሰው የ20 ኪሎ ውሻ ያ 66 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ ያልፈዋል። እማማን መከልከል አይቻልም፤ የካሮት ቁራጭ በእጃቸው ማስያዝ ግን ይቻላል።

እንግዲህ ለየትኛው የትኛው?

ቡችላ፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ውሻ ካላችሁ ገንዘቡን ከረጢቱ ላይ አውጡት። በማደግ ላይ ያለ አጥንት የካልሲየም ስህተት አይችልም፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጣመማል። ለጀርመን ሼፐርድ ቡችላ በከረጢቱ ላይ ቅርፊት ወይም ካልሲየም አትጨምሩ፣ አታወፍሩትም።

የወፈረ ጎልማሳ ከሆነ የዓሣው ድስት። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ 25 ኪሎ ለሆነው ከ250 እስከ 500 ግራም ማለት ነው። ወደ 20 ለመድረስ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ይፈጃል። ከዚህ የፈጠነ አትፈልጉ። ለእግር ጉዞ ማለዳውን ምረጡ፤ ወፍራም ውሻ በሐዋሳ የቀትር ሙቀት መሮጥ የለበትም። ላብራዶር ካላችሁ ደግሞ ልመናውን አትመኑ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ የሚሆኑት የጥጋብ ስሜትን የሚያዛባ የዘር ለውጥ እንዳለባቸው በ2016 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች ታውቋል።

የከሳ ጠባቂ ውሻ ከሆነ ምግብ ከመለወጥ በፊት የትል መድኃኒት። አለዚያ የምታበሉት ትሉን ነው። ከዚያ ያው ድስት በሙሉ መጠኑ፣ በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶ እየጨመራችሁ፣ ጎድኑ እስኪለሰልስ።

አሮጌ ውሻ ወይም የታመመ ላይ በራሳችሁ አትወስኑ። በጣሳ እየተለካ ከስድስት ሳምንት በኋላም ያልቀነሰ፣ እየበላ የሚከሳ፣ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሆዱ ብቻ የሚነፋ ውሻ ጉዳዩ የምግብ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለው ከተማው በባለሙያ አይታማም።

ወደ አዲሱ ምግብ ስታሸጋግሩ ሳምንት ስጡት፤ መጀመሪያ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት አራተኛውን። ተቅማጥ ካመጣ አንድ እርምጃ ተመለሱና ሁለት ቀን ቆዩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳህኑን አሽትቶ ወደ ወጥ ቤቱ በር ይሄዳል፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቃችሁ ሳህኑን አንሱትና ማታ መልሳችሁ አቅርቡለት። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ አንድ ራት ቢዘል ምንም አይሆንም። ሙሉ ቀን አልፎ ምንም ካልቀመሰ ግን፣ ወይም ከሳህኑ መራቁ ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ እልኩን ትታችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።